የፈራች ድመት ምን ዓይነት ቤት ትፈልጋለች?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ከእንስሳት መጠለያ ድመት ለመውሰድ የሚመጣ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው በሩ ድረስ መጥታ በምትታከከው ላይ ነው። ጥግ ይዛ፣ ጆሮዋን ወደ ኋላ አጣብቃ የተኮራመተችው ትታለፋለች። ክፉ ሆና አይደለም፤ ፈርታ ነው። መጠለያዎች «አስቸጋሪ» ብለው ከሚጽፉባት የሚስማማትን ቤት ቢገልጹ ይሻላል፦ ጸጥ ያለ፣ ሕፃናትና ውሻ የሌሉበት፣ የማይቸኩል ሰው የሚኖርበት። ከተቻለ አስቀድማ ጊዜያዊ አሳዳጊ ጋ ትቆይ፤ እውነተኛ ጠባይዋ የሚታየው እዚያ ነው።

ወሳጁም ቤቱን ሙሉ አይልቀቅላት። መስኮቱ የተዘጋ አንድ ትንሽ ክፍል ይበቃታል። መደበቂያ የሚሆናት ካርቶን ይቀመጥላት፤ የመጸዳጃ አሸዋዋ ከምግቧና ከውኃዋ ይራቅ። ነገሩ የሚበላሸው ብዙ ጊዜ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው፤ ሰው ይጓጓና እጁን ሰዶ ከተደበቀችበት ይጎትታታል። ያኔ የተጀመረው መተማመን ይፈርሳል። ይልቅ ወለሉ ላይ ጎኑን ሰጥቷት ይቀመጥ፤ አያፍጥጥባት፤ ዓይኑን ቀስ አድርጎ ይክደን፣ ይግለጥ። እሷም መልሳ ዓይኗን ቀስ አድርጋ ከከደነች ጥሩ ምልክት ነው።

ሌሊት ተደብቃ ብትበላ ችግር የለም። 24 ሰዓት ሙሉ ምንም ካልቀመሰች ግን ለእንስሳት ሐኪም ይደወል፤ ድመት ለቀናት ሳትበላ ስትቀር ጉበቷ ላይ ስብ ተከማችቶ ሊገድላት ይችላል።

መላመዱ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይወስዳል። ይህ ሳይነገራቸው የወሰዱ ሰዎች በሳምንቱ መልሰው ያመጧታል። ስለዚህ መጠለያው ሲያስረክብ ይህን አስረድቶ፣ በ3ኛው፣ በ7ኛውና በ30ኛው ቀን ደውሎ ይጠይቅ።

አክባሪ አንባቢዎችዎ