ሽሮና በርበሬያችሁ በመርከብ ሲመጣ መንገድ ላይ ምን ይገጥመዋል?

ለተከበራችሁ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን። በአሜሪካና በአውሮፓ ሱቅ ያላችሁ ደንበኞቻችን ሰሞኑን ስትደውሉ የምትጠይቁት አንድ ነገር ነው፤ «ዕቃው የት ደረሰ?» በአውሮፕላን እንልክ በነበረ ጊዜ መልሱ አጭር ነበር። አሁን ሽሮውም፣ በርበሬውም፣ በሶውም፣ ቆሎውም፣ ድርቆሹም በመርከብ ስለሚሄድ መልሱ ረዘም ይላል።

ወደ መርከብ የዞርነው በዋጋ ምክንያት ነው፤ ማድበስበስ አያስፈልግም። በአየር ሲሄድ የአንድ ኪሎ ሽሮ ማጓጓዣ ከራሱ ከሽሮው ሊበልጥ ይችላል። በባሕር ስሌቱ ሌላ ነው። ኮንቴይነሩን ከሌሎች ላኪዎች ጋር ስንጋራ የምንከፍለው በሜትር ኪዩብ ወይም በቶን ነው፤ ከሁለቱ የበለጠው ይያዛል። አንድ ሜትር ኪዩብ ሽሮ ግማሽ ቶን ገደማ ይመዝናል። ድርቆሽ ያንኑ ቦታ ይዞ ሚዛን ላይ ሲወጣ ግን ምንም አይል። አየር መንገዶችም ቢሆኑ ቀላል ዕቃን በሜትር ኪዩብ 167 ኪሎ እንደሆነ ቆጥረው ነው የሚያስከፍሉት። ስለዚህ በአየር ሽሮ በክብደቱ ከድርቆሽ ብዙ ይከፍል ነበር፤ በባሕር ግን ሁለቱም በያዙት ቦታ እኩል ይከፍላሉ። ሽሮው ላይ ደህና አድርገን ዋጋ ቀንሰን ድርቆሹ ላይ እጃችን ያጠረው ለዚህ ነው። ሰባብረን ብናሽገው ቦታ ይቆጥብ ነበር፤ ግን የተፈረፈረ ድርቆሽ ማን ይገዛል?

መንገዱ እንዲህ ነው። ዕቃው ከአዲስ አበባ ወጥቶ በሞጆ ደረቅ ወደብ በኩል በባቡር ወይም በከባድ መኪና ጅቡቲ ይወርዳል። የባቡሩ መስመር 750 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይህ የጉዞው ቀላሉ ክፍል ነው። ከትልልቆቹ መርከቦች ብዙዎቹ ጅቡቲ አይቆሙም። ብዙ ጊዜ ኮንቴይነሩ በትንሽ መርከብ እስከ ጅዳ ወይም እስከ ኦማኗ ሳላላ ይሄድና እዚያ ወርዶ ትልቁን መርከብ ይጠብቃል። «መርከቡ ከጅቡቲ ተነስቷል» ብለናችሁ ከዚያ ለሳምንታት ወሬው ጥፍት የሚለው ይሄኔ ነው። ዕቃው አልጠፋም፤ ወደብ ላይ ተራ ይዟል።

በዚህ ላይ የቀይ ባሕሩ ጣጣ አለ። በፈረንጆቹ 2023 መጨረሻ የቀይ ባሕር ደቡባዊ መግቢያ በሆነው በባብ ኤል መንደብ አካባቢ በመርከቦች ላይ ጥቃት ሲጀምር ትልልቆቹ የመርከብ ድርጅቶች የስዊዝን ቦይ ትተው ደቡብ አፍሪካን መዞር ያዙ። ይህ ብቻውን ከ10 ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ይጨምራል። የኢንሹራንሱም ዋጋ አብሮ ወጣ። ስለዚህ ከእኛ መጋዘን እስከ እናንተ መጋዘን ሁለት ወር ተኩል ብላችሁ ያዙ። ቀድሞ ከደረሰ እሰየው።

አሁን ዕቃው በዚህ ሁሉ ጊዜ ሳይበላሽ እንዴት ይደርሳል ወደሚለው እንምጣ። እኛን እንቅልፍ የሚነሳን ይኼ ነው።

ዱቄትን የሚያበላሸው አብዛኛውን ጊዜ ከባሕሩ የሚገባ ውሃ አይደለም። እርጥበቱ አብሮ የተጫነ ነው። ካርቶኑ፣ የፓሌቱ (ዕቃው የሚደረደርበት ርብራብ) እንጨት፣ ዱቄቱ ራሱ ትንሽ ትንሽ ይይዛሉ። ጅቡቲ በበጋዋ ከ40 ዲግሪ በላይ ትገባለች፤ ብረቱ ሲግል ያ እርጥበት ወደ አየሩ ይወጣል። ሌሊት ወይም ቀዝቃዛ ባሕር ላይ ጣሪያው ሲበርድ መልሶ ውሃ ይሆንና ካርቶኑ ላይ ጠብ ጠብ ይላል። የሙያው ሰዎች የኮንቴይነር ዝናብ ይሉታል።

መከላከሉ የሚጀምረው ወፍጮ ቤት ነው። በርበሬው ከመፈጨቱ በፊት እርጥበቱን በመለኪያ እናያለን፤ ከ10 በመቶ ካለፈ ተመልሶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ከወፍጮ የወጣ ዱቄት ደግሞ ትኩስ ነው። እንደወጣ ቢታሸግ ላስቲኩ በውስጥ በኩል ጤዛ ይይዛል፤ ሻጋታ የሚጀምረው እዚያች ጤዛ ላይ ነው። ስለዚህ ተዘርግቶ ያድርና በማግስቱ፣ ውስጡ ፎይል ባለው ከረጢት ይታሸጋል። ፎይሉ እርጥበትን ብቻ ሳይሆን ብርሃንንም ስለሚከለክል የበርበሬው ቀለም አይደበዝዝም።

ሙሉ ኮንቴይነር የምታዙ ደንበኞች ስትከፍቱት ከጎንና ጎን የተንጠለጠሉ ከረጢቶች ታያላችሁ። ውስጣቸው እርጥበት የሚመጥ ካልሲየም ክሎራይድ ነው። አብጠው ወይም ውስጣቸው ውሃ ቋጥሮ ካገኛችኋቸው ሥራቸውን ሠርተዋል ማለት ነው። አትቅደዷቸው፤ ምግብ አጠገብም አታስቀምጧቸው። ኮንቴይነር በምንጋራበት ጊዜ ደግሞ ሌላ ራስ ምታት አለ፤ በርበሬ ጎረቤት አያገኝም። ቡና ሽታ ስለሚስብ ቡና ላኪዎች ከኛ አጠገብ መጫን አይፈልጉም፤ አንፈርድባቸውም።

ፓሌቱም ሕግ አለው። እንጨቱ ውስጡ ድረስ በ56 ዲግሪ ለ30 ደቂቃ መሞቅና የስንዴ ዛላ ምልክት ያለበት ማኅተም መመታት አለበት። ማኅተሙ ከሌለ ዕቃው ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን በእንጨቱ ምክንያት ሊያዝ ይችላል።

ወረቀቱን እኛና ትራንዚተራችን እንጨርሳለን፤ ሦስት ነገር ግን እናንተም እወቁት። አሜሪካ ለሚገባ ምግብ መርከቡ ወደቡ ከመድረሱ ቢያንስ 8 ሰዓት በፊት ለአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት፣ ለኤፍዲኤ፣ ማሳወቅ ግዴታ ነው፤ ስለዚህ የተቀባይ ስምና አድራሻ ስንጠይቃችሁ በንግድ ፈቃዳችሁ ላይ እንዳለው አድርጋችሁ ቶሎ ላኩልን። ቆሎው ሰሊጥ ካለበት በማሸጊያው ላይ በግልጽ ይጻፋል፤ ከጥር 2023 ጀምሮ አሜሪካ ሰሊጥን ከዋና የአለርጂ ምግቦች ጋር መድባዋለች። አውሮፓ ደግሞ በአፍላቶክሲን፣ ሻጋታ በሚተወው መርዝ፣ ነገር ቀልድ አያውቅም። በደረቅ ቅመም ላይ የሚፈቀደው በኪሎ ጠቅላላ 10 ማይክሮግራም ነው፤ አፍላቶክሲን ቢ1 የተባለው ብቻውን ከ5 ማለፍ የለበትም። በርበሬ እርጥብ መሬት ላይ ከተሰጣ ሻጋታው መርዙን ይተውበታል፤ በኋላ ቢቆላም ተቆልቶ አያልቅም። እያንዳንዱን ዙር ላቦራቶሪ አስመርምረን የምንልከው ለዚህ ነው።

አንዳንዶቻችሁ በከረጢቱ ላይ የኢትዮጵያ ቀን ለምን እንደማንጽፍ ጠይቃችኋል። የኛ ቁጥር ከፈረንጆቹ በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ስለሚያንስ አዲሱ ሽሮ ለጉምሩክ ሠራተኛ ጊዜው ያለፈበት ይመስለዋል። ወሩንም በፊደል ነው የምንጽፈው፤ አሜሪካ ወሩን፣ አውሮፓ ቀኑን ያስቀድማልና በቁጥር ብቻ ሲሆን ይምታታል።

ኢንሹራንስ «ለምን እንከፍላለን?» ለምትሉ ደግሞ፦ በ2021 ኤቨር ጊቭን የተባለው መርከብ ስዊዝ ላይ ተሰንቅሮ መንገዱን ለ6 ቀን ሲዘጋ፣ የመርከቡ ባለቤት ወጪውን ጭነት ያላቸው ሁሉ እንዲጋሩት ጀነራል አቨሬጅ አወጀ። ዕቃው ምንም ያልሆነበት ነጋዴም አልቀረለትም። ኢንሹራንስ የገባ ነገሩን ለኢንሹራንሱ ትቶ ተቀመጠ።

ቅቤና ቋንጣ አትዘዙን። የእንስሳት ተዋጽኦ በአብዛኞቹ አገሮች ከዚህ እንዳይገባ የተከለከለ ነው፤ ለአንድ ካርቶን ቋንጣ ብለን የሁላችሁንም ሽሮ አናስይዝም።

ለዐቢይ ጾም ሽሮ የምትፈልጉ እስከ ጥቅምት መጨረሻ እዘዙ። ከዚያ በኋላ ያዘዘ ለጾሙ መግቢያ ላይደርስለት ይችላል። የቸኮለ ካለ እስከ 100 ኪሎ በአየር እንልካለን፤ ዋጋውን አስቀድመን ነግረን፣ እሺ ስትሉን ብቻ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
የውጭ ሽያጭ ክፍል