ለአባዬ፣ ሚጡ ታነብልሃለች

አባዬ፣ እንዴት ከረምክ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጆቹም ደህና ናቸው።

ይህን ደብዳቤ በቴሌግራም ለሚጡ ነው የምልከው። ድሮ ቢሆን በወረቀት ጽፌ በሰው እልክልህ ነበር። አንተም መነጽርህን ጠርገህ፣ ቀይ እስክሪብቶህን ይዘህ፣ በረንዳው ላይ ታነበው ነበር። ባለፈው እህቴ ደውላ ነገረችኝ። ጋዜጣውን ወደ መስኮቱ አስጠግተህ፣ አንገትህን ወደ ቀኝ አዘንብለህ፣ ትንሽ ሞከርክ አለች። ከዚያ አጥፈህ አስቀመጥከው። ምንም አላለም አለችኝ። ምንም አለማለትህ ነው ያስለቀሰኝ።

ሚጡዬ፣ ቀስ ብለሽ አንብቢ። ነጠላ ሰረዙ ላይ ካልቆምሽ አያትሽ ያስቆምሻል።

መጀመሪያ የመድኃኒቱን ነገር ልጨርስ። ጠብታው ማታ ማታ አንድ ጊዜ ነው። ከተጨመረልህ በኋላ ዓይንህን ጨፍን፣ በአፍንጫህ በኩል ያለውን የዓይንህን ጥግ በጣትህ ለአንድ ደቂቃ ያህል ያዝ አድርገው። ያልተከፈተው ብልቃጥ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጥ። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን አትክፈቱት። ሁለት ብልቃጥ በሰው ልኬያለሁ። መንገድ ሲዘጋ ፋርማሲ ለፋርማሲ እንዳትንከራተቱ ብዬ ነው። አባዬ፣ «ለውጥ አላየሁበትም» ብለህ ለአንድ ወር መተውህን ሰምቻለሁ። እባክህ እንዲህ አታድርግ። ግላኮማ የዓይንን ነርቭ የሚጎዳ በሽታ ነው፤ የወሰደውን አይመልስም። ጠብታው የቀረውን ለማቆየት ነው። ለውጥ አላየህም ማለት መድኃኒቱ አይሠራም ማለት አይደለም።

ትልቁ ልጄ ቁመቱ በልጦኛል። ድምፁ ጎርንኗል፤ ስልክ ሲያነሳ ሰው ባለቤቴ ይመስለዋል። ትንሿ ፒያኖ ጀምራለች። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያን አማርኛ ትማራለች። «ሀ ሁ»ን ጨርሳ «ጸ» እና «ፀ» ለምን ሁለት ሆኑ ብላ ጠየቀችኝ። ይሄን አያትሽን ጠይቂ አልኳት። እሑድ ትደውልልሃለች፣ ተዘጋጅ።

ትልቁ ደግሞ ትምህርት ቤት ስለ አያቱ ሥራ ሁለት ገጽ ጽፎ እንዲመጣ ታዘዘ። «አያቴ ምን ነበር የሚሠራው?» አለኝ። የሕግ ባለሙያ ነበር አልኩት። ጠበቃ ነው? አለኝ። አይደለም፣ ዳኛ ነበር፤ ከዚያ በክልል መንግሥት ውስጥ ሠራ፤ ከዚያ የዩኒቨርሲቲ ኃላፊ ሆነ አልኩት። ልጁ መጻፉን አቁሞ አየኝ። ሦስት የተለያየ ሰው የነገርኩት መስሎት ነው። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ከመጀመሪያው ነገርኩት።

በ1963 ስድስት ኪሎ ሕግ ፋኩልቲ ስትገባ ፋኩልቲው ራሱ ገና ሰባት ዓመቱ እንደነበር ነገርኩት። ብዙዎቹ መምህራን ፈረንጆች እንደነበሩ። ሬኔ ዳቪድ የሚባል ፈረንሳዊ ያረቀቀውን የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ፣ 3367 አንቀጽ ያለውን መጽሐፍ፣ እስኪቀደድ እንዳነበብከው። ያ መጽሐፍ አሁንም በፕላስተር ተጣብቆ መደርደሪያው ላይ አለ አይደል? ልትመረቅ ስትል 1967 መጣ። ዕድገት በኅብረት ተባለ፤ ዩኒቨርሲቲው ተዘጋ፤ ወደ 60 ሺህ የሚጠጋ ተማሪና መምህር ወደ ገጠር ዘመተ። አንተም የገጠር መሬቱን አዋጅ ለገበሬው ስታነብ ከረምክ። አንድ ቤተሰብ ከ10 ሄክታር በላይ አይዝም የሚለውን። ስለዚያ አዋጅ አያቴ ያለህን ግን ለልጄ አልነገርኩትም። አንተ ራስህ ብትነግረው ይሻላል።

ከዚያ ደብረ ማርቆስ። ዳኝነቱ። የማሩ ገንቦ። እማዬ ገንቦውን አዝላ ወደ ባለቤቱ የመለሰችበት ቀን።

ልጄን በጣም የያዘው ግን የባሕር ዳሩ ነገር ነው። ክልሎች ሲዋቀሩ ፍትሕ ቢሮ ገባህ። የቤተሰብ ሕግ የክልል ሥልጣን መሆኑን ለማስረዳት ጊዜ ወሰደብኝ። የፌዴራሉ የቤተሰብ ሕግ በ1992 ቢወጣም ክልሉ የራሱን እስኪያወጣ ድረስ የገጠሯን ልጅ አይጠብቃትም ነበር። የ1952ቱ ሕግ ሴት ልጅ በ15 ዓመቷ ልታገባ ትችላለች ይል ነበር። አዲሱ 18 አለ። አንተ ረቂቁን ይዘህ ወረዳ ለወረዳ ዞርክ። አቧራ ለብሰህ ስትመጣ አስታውሳለሁ። አዋጅ ቁጥር 79/1995 በዝክረ ሕግ፣ በክልሉ የሕግ ጋዜጣ፣ ታትሞ ሲወጣ አንድ ቅጂ ቤት ይዘህ መጥተህ ለእማዬ ሰጠሃት። አገላብጣ አየችው። «ለኔ ዘገየ» አለች። ስታገባት 16 ዓመቷ ነበር። ያን ማታ እራት ላይ ማንም አልተናገረም። አባዬ፣ አንገትህን ደፍተህ ነበር። ያን ዕለት ከመቼውም በላይ አከበርኩህ። ነግሬህ ግን አላውቅም።

አሁን «ጭብጡ ምንድን ነው?» ትለኛለህ። አውቃለሁ። ልጅ ሆነን ተጣልተን ስንመጣ እንኳ «መጀመሪያ ጭብጡን ያዙ፣ ከዚያ ትከራከራላችሁ» ትለን ነበር። እየሸሸሁት ነው።

ሚጡዬ፣ እዚህ ጋ ስትደርሺ በሩን ዝጊው። ከአያትሽ ሌላ ሰው አይስማ።

ልጄ ስለ ዩኒቨርሲቲው ሲጠይቀኝ አፌ ተያዘ። ቁጥሩን ነገርኩት። በ1990ዎቹ መጨረሻ 13 አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች ሲከፈቱ መምህር፣ ዶርም፣ ውኃ፣ ሁሉም ጎድሎ ተማሪው ግን ይጎርፍ እንደነበር። ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነህ ስትሄድ አልጋ ከመቁጠር ጀምሮ የሴኔት ሕግ እስከመጻፍ ሁሉንም እንደሠራህ። እዚያ ላይ አቆምኩ። ስለ ወንድሜ ስለ ማሙሽ ምንም አላልኩም።

አባዬ፣ ሁለት ጊዜ ከወንበርህ ተነስተሃል። የመጀመሪያው ደብረ ማርቆስ ነው። የእማዬ አጎት ተከሶ ሲመጣ «ዝምድና አለኝ» ብለህ ከችሎት ተነሳህ። ዘመዶቿ ለሁለት ዓመት ቤታችን አልመጡም። እኔ የ10 ዓመት ልጅ ነበርኩ። ትምህርት ቤት ሄጄ ለጓደኞቼ አወራሁ። በኋላ አዋጅ ቁጥር 25/1988 ውስጥ ራሱን አገኘሁት፤ የሥጋ ወይም የጋብቻ ዝምድና ያለው ዳኛ ከችሎት ይነሳል ይል ነበር። አባቴ ሕግ ሳያስገድደውም ያደርገው ነበር ብዬ ኮራሁ።

ሁለተኛው 2004 ነው። ምደባው ማሙሽን አንተ ያለህበት ግቢ ጣለው። ይቀየርልኝ አላልክም፤ እሱም አልጠየቀም። ካፌው ውስጥ ረብሻ ሲነሳ ከ11 ልጆች ጋር ስሙ ተጻፈ። ሰሃን አልሰበርኩም፣ ቆሜ ነው ያየሁት አለ። ዲሲፕሊን ኮሚቴው አልሰማውም። ይግባኙ የሚመጣው ወደ አንተ ነበር። ጠረጴዛህ ላይ ሲደርስ «ልጄ ስለሆነ አላይም» ብለህ ጽፈህ ለሌላ ሰው መራኸው። ያ ሰውዬ ደግሞ የአለቃውን ልጅ ማረ እንዳይባል ፈራ። ሌሎቹ ልጆች ለአንድ ዓመት ታገዱ። ማሙሽ ለሁለት።

ይህን ሁሉ አንተ ከእኔ በላይ ታውቀዋለህ። ጉዳዩን አለማየትህ ልክ ነበር። ያኔም ልክ ነበር፣ ዛሬም ልክ ነው። 14 ዓመት ሙሉ የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ይግባኙ በሚሰማበት ቀን የሌሎቹ ልጆች አባቶች መጥተው ነበር። ከሞጣ፣ ከዳንግላ፣ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ዱላቸውን ይዘው፣ በአውቶቡስ አድረው። ቢሮው ውስጥ አላስገቧቸውም። በሩ ላይ ቆሙ። ልጆቻቸው ሲወጡ ራሳቸውን ዳበሷቸው። አንተ አዲስ አበባ ስብሰባ ነበረህ። ማሙሽ በዚያ ሁሉ አባት መሃል ብቻውን ወጣ።

ዳኛው ተነሳ፣ እሺ። አባትየውስ የት ሄደ?

ይህን ጥያቄ በስልክ ልጠይቅህ ስንት ጊዜ ቁጥሩን መትቼ ዘግቻለሁ። ያኔ ሦስት ወር አላነጋገርኩህም፤ ሥራ በዝቶብኝ ነው አልኩህ። ውሸቴን ነበር። ማሙሽ ሁለት ዓመቱን ሳይጨርስ ወደ ጁባ ሲሄድ ማንም በስሙ አላነሳውም። «ያ ልጅ» ሆነ። እማዬ ስታርፍ እንኳ ሰልስቷ ካለፈ በኋላ ነው የደረሰው። ከአንተ ጋር በረንዳው ላይ አንድ ሰዓት ሙሉ ሳትነጋገሩ ተቀመጣችሁ። እኔ ከኩሽናው መስኮት አያችሁ ነበር። ቡና ላመጣላችሁ ወጥቼ ተመለስኩ።

ምናልባት አንተም ያን ቀን ታስበው ይሆናል። ስብሰባው ይቀር ነበር ወይ ብለህ። እህቴ አንድ ነገር ነግራኛለች። በ2006 ኃላፊነቱን ለቀህ ስትመጣ ከቢሮህ ይዘህ የመጣኸው አንድ ካርቶን ብቻ ነው። ውስጡ የማሙሽ የይግባኝ ደብዳቤ ነበር። ኦርጅናሉ አይደለም፣ ኮፒው። ቀይ እስክሪብቶ አልነካውም አለችኝ። ይህን ከሰማሁ በኋላ ንዴቴ እንደ ድሮው አልሆነልኝም። ግን አልጠፋም። ሁለቱም አብረው አሉ።

አሁን ወደ ጭብጡ ልምጣ።

ያንተ ግላኮማ ሲታወቅ ዶክተሩ ልጆችህ በሙሉ ዓይናቸውን ይታዩ ብሎ ነበር። በሽታው በዘር ይሄዳል። መጀመሪያ ላይ አያምም፣ ምልክትም የለውም። ሰው የሚነቃው ጎን ጎኑ ከጠፋበት በኋላ ነው። እህቴ ባሕር ዳር ታየች፤ ነፃ ናት። እኔ ዛሬ ነገ ስል ቆይቼ ባለፈው ወር ሄድኩ። የዓይኔ ግፊት ከፍ ብሏል አሉኝ። ነርቩም በግራ በኩል ትንሽ ተነክቷል። ቶሎ ስለተደረሰበት አትደንግጥ። ጠብታ ጀምሬያለሁ። ካንተው ጋር አንድ ዓይነት ብልቃጥ ነው። ማታ ማታ ስጨምር ባሕር ዳር ስንት ሰዓት እንደሆነ አስባለሁ። አንተ ያኔ በረንዳው ላይ ነህ፣ ጠዋት ነው።

ለልጆቼ ገና አልነገርኳቸውም። ከባለቤቴ ቀጥሎ የነገርኩት ላንተ ነው።

ማሙሽ አልታየም። ደወልኩለት። «እኔ ደህና ነኝ፣ ዓይኔ እንደ ንስር ነው» አለኝ። መለዋወጫ ሱቁን ለግማሽ ቀን መዝጋት ከበደው። ሁለተኛ ስደውል አላነሳም። እህቴም ሞክራለች። እኛን አይሰማንም፣ አባዬ። ልጅ ሆኖም አይሰማንም ነበር።

አንተ ብትደውልለት ያነሳል። ስለ ድሮው ነገር አላነሳም ካልክ አታንሳ። ይቅርታ በል ብዬ አላስገድድህም፤ እሱም የሚጠብቅ አይመስለኝም። ስለ ዓይኑ ብቻ ንገረው። እኔ ይህን አጣሁ፣ እህትህ እንዲህ ተባለች፣ አንተ ሂድና ታይ በለው። መቼ ትሄዳለህ በለው። ቀን ካልቆረጠልህ ስልኩን አትዝጋ።

ቁጥሩ ሚጡ ስልክ ውስጥ አለ፤ «አጎቴ» ብላ ነው የመዘገበችው። እሑድ ሱቅ አይከፍትም። ከቤተ ክርስቲያን ወደ አራት ሰዓት ይመለሳል። ሚጡ ትደውልና ሲያነሳ ላንተ ትሰጥሃለች።

ሚጡዬ፣ ከሰጠሽው በኋላ አንቺ ወደ ውስጥ ግቢ።