የደንክሊኦስቲየስ ጅራት ከየት መጣ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ባለፈው ሳምንት በሳይንስ ገጻችሁ ስለ ደንክሊኦስቲየስ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። የባዮሎጂ መምህር ነኝ። የጥንት እንስሳት ሲነሱ ወሬው ሁሉ ዳይኖሰር ብቻ መሆኑ ያበግነኛል። ይህ ጥሩር ለበስ ዓሣ እኮ ዳይኖሰሮች ገና ሳይፈጠሩ፣ የዛሬ 360 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ባሕሩን ያምስ ነበር።

ቅሬታዬ ሥዕሉ ላይ ነው። ዓሣው ከራሱ እስከ ጅራቱ በአንድ ዓይነት እርግጠኝነት ተስሏል፤ ከሥሩ ደግሞ «ርዝመቱ 10 ሜትር» ይላል። ከዚህ ፍጥረት በብዛት የተገኘው ግን የራሱና የደረቱ ጥሩር ነው። ከዚያ ወዲያ ያለው አካሉ ባብዛኛው በስብሶ ጠፍቷል። ጄይ ቴሬል የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1867 አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ፣ ኤሪ ሐይቅ ዳር የመጀመሪያውን ቅሪተ አካል ካገኘ ወዲህ ስንት ተቆፍሯል፤ ነገሩ ግን ያው ነው።

ታዲያ 10 ሜትሩ ከየት መጣ? ከግምት። አንዳንዶች ለምሳሌ አፉን ከሻርክ አፍ ጋር እያመዛዘኑ ቀሪውን አካል ይቀጥሉለት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 ራስል ኤንግልማን የተባለ ተመራማሪ በሌላ መንገድ መጣ። ከዓይኑ እስከ ራስ ቅሉ ጀርባ ያለውን ርቀት ለክቶ ከሌሎች ዓሦች ጋር አስተያየው። የደረሰበት 3.4 ሜትር ገደማ ነው። ትልቅ የሚባለውም ከ4 ሜትር ብዙ አያልፍም።

«አነሰብን» ብሎ የሚከፋው ይኖራል። እኔ አልከፋኝም። ዋናው ነገር፣ መንጋጋው፣ በእጃችን አለ። ጥርስ የሚባል የለውም፤ የመንጋጋው አጥንት ራሱ ስለት ነው። የላይኛውና የታችኛው እንደ መቀስ እየተፋተጉ ይሳላሉ። አፉን ሲከፍት የታችኛው መንጋጋ ይወርዳል፣ የራስ ቅሉም አብሮ ወደ ላይ ይነሳል። ፊሊፕ አንደርሰንና ማርክ ዌስትኒት የተባሉ ተመራማሪዎች በሠሩት ስሌት፣ አንዲት ሰከንድ ለ50 ብትከፈል አፉን ለመክፈት አንዷ ክፋይ ትበቃዋለች። በዚያ ፍጥነት ውሃው ራሱ አደኑን እየጎተተ ያስገባለታል። እንዲህ ላለ ፍጥረት የ6 ሜትር ጭማሪ ምን ያደርግለታል?

ስለዚህ ቁጥሩ ይታረምልን። ሥዕሉንም ደግማችሁ ስታወጡ የተገኘውን ጥሩር በደማቅ መስመር፣ የተገመተውን የኋላ አካል በነጠብጣብ ብታደርጉት መልካም ነው። ተማሪዎቼ ገጹን ቆርጠው ክፍል ውስጥ ለጥፈውታል፤ የታረመው ሲወጣ እንተካዋለን።

አክባሪያችሁ፣
አንድ የባዮሎጂ መምህር