ለአበልጄ፣ ስለ ክርስትና ልጅህ

ሜልበርን፣ ኅዳር 17 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜና ለአበልጄ፤

እንደምን አለህ? ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ዝም ብሎ የከረመ ሰው ይህን ሲጠይቅ ለጆሮ እንደሚከብድ አውቃለሁ። የእናታችንን ማረፍ የሰማሁት አርባዋ ሊወጣ ሲል ነው። ስልኩን አነሳሁና ለቅሶ ሳልደርስ ምን እላለሁ ብዬ መልሼ አስቀመጥኩት። ነገ፣ ከነገ ወዲያ እያልኩ ወር አለፈ፤ ከዚያ በኋላ ዝምታው ራሱ ሌላ በደል ሆኖ አፌን ያዘው። ከአንተ ጋር ከእጇ ጎርሼ ያደግኩ ልጅ ነኝ። ነፍሷን በገነት ያኑርልን፤ አንተም ይቅር በለኝ። የመኪና ማንሻው ገንዘብም አልተረሳኝም፣ እርሱን በሌላ ቀን እንነጋገራለን። አሁን ቁጣህን ለጥቂት አቆይልኝና ስማኝ፤ ያስጻፈኝ ጉዳይ የአንተም ነው።

ልጅህ ትምህርቱን ሊያቋርጥ ነው።

አዎን፣ በክርስትናው ቀን ነጭ ልብሱ ላይ የግሪስ አሻራ የተውክበት ልጅ። እናቱ ያንን ልብስ እስካሁን አላጠበችውም። ዕድሜው 19 ሆኗል፣ የምሕንድስና ሁለተኛ ዓመቱን ጨርሷል። ዘንድሮ ግን ቅዳሜና እሁዱንም ዕረፍቱንም ለአንድ አነስተኛ የመኪና እሽቅድድም ቡድን በነጻ ሲሠራ ከረመ። ቡድኑ አሁን በደመወዝ ልቅጠርህ ብሎታል፣ መልሱንም ከፈረንጆቹ ገና በፊት ይፈልጋል። ልጁ «አንድ ዓመት ብቻ» ይላል። እናቱ «አንድ ዓመት የሚባል ነገር የለም» ትላለች። እኔ በሁለቱ መካከል ቆሜ ወደ አንተ ጮህኩ።

ውድድሩ ሱፐር ቱ ይባላል። በኳሳችን ብነግርህ ይቀልልሃል፤ ሱፐርካርስ የሚሉት ፕሪሚየር ሊጋቸው ነው፣ ሱፐር ቱ ደግሞ እንደ እኛ ከፍተኛ ሊግ ነው። ከ2000 ጀምሮ (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፍልሃለሁ) ወጣቶች የሚፈተኑበት መድረክ ነው። ዘንድሮ የነዱት የሱፐርካርስ ቡድኖች በ2023 ወደ አዲስ መኪና ሲሻገሩ የተዉትን ያለፈውን ትውልድ መኪና ነው። የተተወ ስልህ ግን አሮጌ እንዳይመስልህ! አምስት ሊትር ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር፣ ከ600 የፈረስ ጉልበት በላይ። ካምቢዮው ከፊት አይደለም፣ ከኋላ ከዲፈረንሻሉ ጋር ነው የተቀመጠው። እያንዳንዱ ጎማ የሚታሰረው በአንድ ዳዶ ብቻ ነው። ክሪክም አያስፈልገውም፣ የታመቀ አየር ሲሰጡት ራሱን ከመሬት ያነሳል። ነዳጁ አብዛኛው ኢታኖል ስለሆነ ጋራዡ አረቄ ቤት አረቄ ቤት ይሸታል። ይህን ሁሉ የነገረኝ ልጅህ ነው፤ ሲነግረኝ ፊቱ እንደ አንተ ፊት ያበራል። ሞተር ሲያዳምጥ ግን ካቻቪቴ ጆሮው ላይ አይተክልም፣ ኮምፒውተር ይሰካል። ይህን ስትሰማ ከንፈርህን እንደምትመጥ ይታየኛል።

የዘንድሮው የውድድር ዘመን ስድስት ዙር ነበር። የካቲት ላይ ባተርስት ተጀመረ፣ ከዚያ ፐርዝ፣ ታውንስቪል፣ እዚሁ ሜልበርን ሳንዳውን፣ ደግሞ ባተርስት፣ በመጨረሻም አዴላይድ። ወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። ከሜልበርን ፐርዝ ለመድረስ ግን መኪናውን የጫነው ተሳቢ ከ3,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይነዳል። ከአዲስ አበባ ሞያሌ ሁለት ጊዜ ደርሶ መልስ ብትል ነው፣ ያውም ከፊሉ ዛፍ የሌለበት ሜዳ። ልጄ በዚያ መንገድ ላይ መሆኑን ሳስብ እንቅልፍ አልወሰደኝም። እርሱ ግን በየማደያው እየቆመ የፀሐይ መግቢያ ፎቶ ይልክልኝ ነበር።

መስከረም ላይ ሳንዳውን ሲመጡ ለመጀመሪያ ጊዜ ሄድኩ። የፈረስ መሮጫ ሜዳ ነው፤ የመኪናው መንገድ ዙሪያውን ይከብበዋል። የሄድኩት አይቼ ልከለክለው ነበር። ከአጥሩ ማዶ ሆኜ ሳየው አላወቀኝም። ተንበርክኮ የኋላውን እግር ብሎኖች አንድ በአንድ ያጠብቃል፤ ያጠበቀውን ብሎን ሁሉ በቀለም ምልክት ያደርግበታል፣ ቀጥሎ ሌላ ሰው መጥቶ እንደገና ይፈትሻል። እንዴት እንደታዘዝኩ አላውቅም፣ እጄ ኪሴ ውስጥ ቁልፍ ፈለገ። አበልጄ፣ የአባትህ ላዳ ትዝ አለችኝ። ሞተሩን አውርደን ከሰቀልን በኋላ የተረፈችውን ብሎን ታስታውሳለህ? ቀለም ቢኖረን ኖሮ! ልከለክለው ሄጄ ቃል ሳልተነፍስ ተመለስኩ።

ጥቅምት ላይ ባተርስት ሄዱ። ይህን ስፍራ ብታየው እብደት ነው ትላለህ። ተራራ ላይ የተሠራ ስድስት ኪሎ ሜትር ከሁለት መቶ ሜትር መንገድ ነው፤ በአዘቦት ቀን ገበሬው ወደ ቤቱ የሚሄድበት፣ የፍጥነቱ ወሰን 60 የሆነ መንገድ። በውድድሩ ሰሞን ግን እዚያው ላይ ወደ 300 ይጠጋሉ። ከታች እስከ አናቱ 174 ሜትር ይወጣል፤ አናቱ ላይ ግንቡ ከግራም ከቀኝም መንገዱን ስለሚያጠብበው የመስታወት ስፋት እንኳ ስሕተት አይፈቅድም። መኪናቸው በልምምድ ላይ እዚያ ጋ ገጨ። አሽከርካሪው እግዚአብሔር ይመስገን በእግሩ ወጣ። መኪናው ግን ቀኝ የኋላ እግሩ ተነቅሎ፣ ፓራፋንጎው ተቀዶ በገልባጭ ተጭኖ መጣ። ልጅህ በዚያ ሌሊት ደወለልኝ። «አባዬ፣ እስኪነጋ ካልጨረስን አንወጣም» አለኝና ስልኩን ሳይዘጋው አስቀመጠው። እኔም የሌሊት ሥራዬ ላይ ነበርኩ፣ መጋዘን ውስጥ፣ ስልኩ ኪሴ ውስጥ። መዶሻውን፣ የብየዳውን ድምፅ፣ ልጄ «አዙረው፣ አይደለም፣ ወደዚህ» ሲል እሰማለሁ። ድምፁ የጎልማሳ ሰው ድምፅ ነበር። ጠዋት መኪናው ወጣ። ስንተኛ እንደሆኑ ብትጠይቀኝ ከኋላ ነበሩ፤ እርሱ ግን ሊያነግሡት የመጡ ይመስል ነበር ድምፁ።

ስለ አዴላይድ ባልጽፍልህ ደስ አይለኝም። ሰባት መቶ ምናምን ኪሎ ሜትር ብቻዬን ነዳሁ። አውስትራሊያውያን ከ1948 ጀምሮ የራሳችን የሚሉት ሆልደን የሚባል መኪና ነበራቸው፤ ፋብሪካው እዚያው ከተማዋ አጠገብ ኤልዛቤት ነበር። በፈረንጆቹ 2017 ጥቅምት ላይ ተዘጋ፣ በ2020 ደግሞ ስሙም እንዲቀር ተወሰነ። በዋናው ውድድር ከ2023 ወዲህ ሆልደን የለም። በሱፐር ቱ ግን ኮሞዶር የሚባሉት የሆልደን መኪናዎች ዘንድሮም ሮጠዋል። አጠገቤ የቆሙ አንድ ሽማግሌ መኪናዎቹ ባለፉ ቁጥር ባርኔጣቸውን ያነሱ ነበር፤ ለማን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። የዘመኑንም ሻምፒዮንነት የወሰደው ዛክ ቤትስ በኮሞዶር ነው። የ2023ቱ ሻምፒዮን ካይ አለን ሊደግመው አልቻለም፤ ሁለት ዓመት በተከታታይ ያሸነፈ ሰው እስከ ዛሬ የለም።

እና ጭንቀቴ ምንድን ነው? መሰላሉ ጠባብ ነው። ልጁ የሚነግረኝ ስለ ስኮት ማክላፍሊን ነው፤ በ2012 ሱፐር ቱ የሆነውን ይህንኑ ውድድር አሸንፎ፣ ከ2018 እስከ 2020 ሦስት ጊዜ የትልቁ ሻምፒዮን ሆኖ አሜሪካ ገባ። ብሮክ ፊኒም በ2021 አሸንፎ በዓመቱ ትልቅ ቡድን ውስጥ ተቀመጠ። እኔ ደግሞ ሌሎቹን ፈልጌ አነበብኩ። ዲን ካንቶ በ2000 የመጀመሪያው ሻምፒዮን ነበር፣ በ2005 ደገመው፤ ስቲቭ ኦወንም በ2008 እና በ2010። ሁለቱም ይበልጥ የታወቁት በረጅሞቹ ውድድሮች ረዳት አሽከርካሪ ሆነው ነው። ሁለት ጊዜ ያሸነፈ እንዲህ ከሆነ፣ መኪናውን የሚያጥበው፣ ብሎኑን የሚያጠብቀው ልጅ የት ይደርሳል? ይህን ስነግረው «አባዬ፣ እኔ እኮ መንዳት አልፈልግም» አለኝ። መልስ አጣሁለት።

እናቱን ያለዘባት አንድ ነገር ብቻ ነው። ክፍሉ ውስጥ የቶማስ ራንድል ፎቶ አለ። የዚሁ የሜልበርን ልጅ ነው፤ በ2020 መጀመሪያ ካንሰር ተገኘበት፣ ኬሞቴራፒ ወሰደ፣ በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ባተርስት የሱፐር ቱን ዋንጫ አነሳ። ይህን ከሰማች ወዲህ ፎቶውን አቧራ ስትጠርግለት አይቻታለሁ። ስለ ሥራው ግን አሁንም እምቢ እንዳለች ናት።

አሁን የሚከብደኝን ልጻፍልህ። ሁለት ጊዜ ጽፌ ቀድጄዋለሁ። አዴላይድ ሲያልቅ ማታ ዕቃ እየጫንን (አዎን፣ እኔም ጫንኩ) ልጁ «አባዬ፣ አንተ ለምን ተውከው?» አለኝ። ሁልጊዜ የምመልሰውን መለስኩለት፤ ወረቀቴን እዚህ አልተቀበሉትም አልኩት። እውነት ነው፣ ግን ግማሹ ነው። ፈተናውን ውሰድና ፈቃዱን እንሰጥሃለን ተብዬ ነበር፣ ሁለት ጊዜ። ሁለቱንም ጊዜ አልሄድኩም። ፈራሁ። በቋንቋቸው፣ በሕፃናት መካከል ተቀምጬ፣ አንተና እኔ ዓይናችንን ጨፍነን የምንሠራውን ሥራ አታውቅም ብለው ቢጥሉኝስ ብዬ። ለአንተ በየዓመቱ «ዘንድሮ እጀምራለሁ» እያልኩ እጽፍ ነበር። መጻፍ ያቆምኩት የእናታችን ጊዜ አይደለም፤ ያ ውሸት ሲያልቅብኝ ነው። ጋራዡን ብቻህን ይዘህ ቀርተህ፣ እኔ ባሕር ማዶ ካርቶን እየቆጠርኩ መሆኔን እንዴት ልንገርህ?

ስለዚህ እኔ ልጁን ሂድም ቅርም ለማለት አፍ የለኝም። ሂድ ብለው ያልኖርኩትን ሕይወቴን በእርሱ እየኖርኩ ይሆናል፤ ቅር ብለውም ፍርሃቴን እያወረስኩት ይሆናል። አንተ ግን የክርስትና አባቱ ነህ፣ ሥራውንም ታውቀዋለህ። ጠይቀው። እጁን ጠይቀው፣ ምን እንደሚያውቅ፣ ምን እንደሚፈራ። ከፍተህ ያልገጠምከውን ማሽን በድምፁ ብቻ የምታውቅ ሰው ልጅህንም ታውቀዋለህ። የምትለውን እቀበላለሁ፣ እናቱም «እርሱ ካለ እሺ» ብላለች፤ ይህን ያለችው ዛሬ ጠዋት ነው፣ ለዚህ ነው የቸኮልኩት።

እሁድ ከቅዳሴ መልስ ስድስት ሰዓት ላይ ብትደውል እዚህ ማታ ሁለት ሰዓት ይሆናል፣ ልጁም ቤት ነው። አማርኛው ይሰነካከላል፣ ታገሠው፤ የመካኒኩን ቃል ግን ሁሉንም ያውቃል፣ ዳዶና ካቻቪቴ ማለትን ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ስለ ላዳዋ ብሎን ከጠየቀህ ንገረው። ስለ ፈተናው ግን እኔ ራሴ ቅዳሜ ማታ፣ አንተ ከመደወልህ በፊት እነግረዋለሁ።

ለሚስትህና ለልጆችህ ሰላምታዬ ይድረስልኝ። የእናታችንን ፎቶ ካለህ ላክልኝ፤ እኔ ጋ ያለው አንዱ ብቻ ነው፣ እርሱም ፊቷን ዞር ብላ ስትስቅ የተነሣችው ነው።

አበልጅህ