መብራት ሲጠፋም የሚሠራ ማጣሪያ ይመረጥልን

ለውሃና ኢነርጂ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ በክልል ከተሞች ስለሚተከሉ አነስተኛ የፍሳሽ ማጣሪያዎች

ክቡር ሚኒስትር፣

የቃሊቲ ማጣሪያ ተስፋፍቶ በቀን 100,000 ሜትር ኩብ ፍሳሽ እንዲቀበል ከተደረገ ወዲህ፣ «ለእኛም ከተማ እንደዚያ ያለ ይሠራልን» ሲባል መስማት የተለመደ ሆኗል። ቃሊቲ ግን የአዲስ አበባ ተዳፋት ያገዘው ነው፤ ፍሳሹ አብዛኛውን መንገድ ያለ ፓምፕ ይወርዳል። ባህር ዳር ሜዳ ላይ ያለች ከተማ ናት። እዚህ ረጅም መስመር መዘርጋት ማለት ጥልቅ ቁፋሮና በየቦታው የፓምፕ ጣቢያ ማለት ነው። ስለዚህ ማጣሪያው በየሰፈሩ፣ በየሆስፒታሉና በየኮንዶሚኒየሙ ይሁን የሚሉትን እደግፋለሁ። ጥያቄዬ የትኛው ዓይነት ይሁን የሚለው ነው።

በአዲስ አበባ ዳር ባሉ አንዳንድ የኮንዶሚኒየም ሰፈሮች የሜምብሬን ማጣሪያ (ፍሳሹን እጅግ ጥቃቅን ቀዳዳዎች ባሉት ስስ ሽፋን የሚያጠልል) ተተክሏል። በደንብ ሲሠራ የሚወጣው ውሃ ንጹሕ ነው፤ ቦታም አይፈጅም። ነገር ግን አየር የሚነፋው ሞተር ቀንና ሌሊት መዞር አለበት። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር፣ ለጄኔሬተሩ ደግሞ ናፍጣ ያስፈልጋል። ሜምብሬኑ በኬሚካል ይታጠባል፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲያረጅ የሚተካው በውጭ ምንዛሬ ተገዝቶ ነው። ዋና ከተማዋ ትቻለው ይሆናል። ለጉድጓድ ፓምፕ መለዋወጫ የሚቸገር የአንድ ትንሽ ከተማ የውሃ አገልግሎት ግን ተረክቦት ምን ያደርገዋል?

በህንድና በኢንዶኔዥያ ብዙ የተሠራበት ሌላ መንገድ አለ። ፍሳሹ መጀመሪያ ዝቃጩን በሚያስቀር ገንዳ ያርፋል። ቀጥሎ በግድግዳ በተከፋፈሉ ዝግ ክፍሎች ወደ ታችና ወደ ላይ እየተመላለሰ፣ አየር በማይፈልጉ ባክቴሪያዎች ይብላላል። መጨረሻ ላይ ሸምበቆ በተተከለበት የጠጠር አልጋ ውስጥ ያልፋል። ቦታው ትንሽ ተዳፋት ካለው ሞተር አያሻውም፤ ሲሚንቶውም ጠጠሩም ከአገር ውስጥ ነው። ጉድለቱን አልደብቅም፦ ሰፊ መሬት ይፈልጋል፣ ዝቃጩ በየአንድ እስከ ሦስት ዓመቱ መመጠጥ አለበት፣ ናይትሮጅኑና ፎስፎረሱም አብዛኛው ሳይወገድ ይወጣል።

ይህ የመጨረሻው ለእኛ ቀላል ነገር አይደለም። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ጣና ላይ እምቦጭን በእጅ ስንነቅል፣ በማሽን ስናጭድ ኖረናል፤ እምቦጭን የሚያሰባው ደግሞ ይኸው ናይትሮጅንና ፎስፎረስ ነው (ከእርሻ ታጥቦ የሚገባው ማዳበሪያም ድርሻው ትንሽ አይደለም)። ሐዋሳ ሐይቅማ መውጫ ወንዝ እንኳ የለውም፤ የገባው እዚያው ይከማቻል። ስለዚህ በሐይቅ ዳር ከተሞች ከማጣሪያው የሚወጣው ውሃ ሐይቅ ውስጥ አይለቀቅ፤ የባሕር ዛፍ ደን ወይም የመኖ ሣር ይጠጣው። ሰላጣ ማሳ ላይ ግን አይሁን፤ የጠጠሩ አልጋ ጀርሙን ሁሉ አይገድልም፣ ሰላጣ ደግሞ ጥሬውን ነው የሚበላው።

እንግዲህ ከሚኒስቴሩ የምጠይቀው፣ ጨረታ ሲወጣ የግንባታው ዋጋ ብቻ ሳይሆን የ20 ዓመት የመብራት፣ የናፍጣ፣ የመለዋወጫና የሠራተኛ ደመወዝ ወጪ ተደምሮ እንዲወዳደር ነው። ግንባታው ከመጽደቁ በፊት ደግሞ የከተማው የውሃ አገልግሎት ማጣሪያውን በእነማን እንደሚያሠራ፣ ዝቃጩን በየትኛው መኪና አስመጥጦ የት እንደሚያደርቅ በጽሑፍ ያሳውቅ። መምጠጫ መኪና በሌለበት ከተማ የተሠራ ማጣሪያ ብዙ ሳይቆይ በዝቃጭ ይሞላል። የመኪናውና የማድረቂያው በጀት ከግንባታው ጋር አብሮ ይያዝ፤ «በሚቀጥለው በጀት ዓመት» አይባል።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የሳኒቴሽን መሐንዲስ፣ ባህር ዳር