የአካባቢ ሳይንስ መምህራን ጉባኤ ከሆቴል ይውጣ

ለዝግጅት ክፍሉ፣

እ.ኤ.አ. በ2027 የተባበሩት መንግሥታት የአየር ንብረት ጉባኤ፣ ኮፕ 32፣ አዲስ አበባ ላይ እንደሚካሄድ ከተነገረ ወዲህ ስለ ትልልቅ ስብሰባዎች ብዙ ይወራል። እኔ ደግሞ ስለ አንድ አነስተኛ ስብሰባ ልጻፍላችሁ። የአካባቢ ሳይንስ የምናስተምር ሰዎች ስለምንገናኝበት።

ስብሰባስ አላጣንም። ግን አንዱ ከሌላው አይለይም። የክብር እንግዳው አርፍዶ ይመጣል፣ የመክፈቻ ንግግሩ ይረዝማል፣ ለጥናት አቅራቢ የምትተርፈው አሥር ደቂቃ ናት። ግማሿ ፍላሽ ሲፈለግ ታልቃለች። የፕላስቲክ ውኃ ፊታችን ደርድረን ስለ ፕላስቲክ ብክለት እናወራለን። ከዚያ የቡድን ፎቶ፣ አበል፣ ቻው ቻው።

ጥናት አይቅረብ አልልም። ለደረጃ እድገት ያስፈልገናል፣ አንዋሽም። ነገር ግን ላብራቶሪ ሳይኖረው የውኃ ጥራት የሚያስተምር መምህር፣ ሌላው እንዴት እንደተወጣው የሚጠይቅበት ሰዓት ፕሮግራሙ ላይ የለም።

እኔ ብጠየቅ ቀጣዩን ጉባኤ ሐረማያ አደርገው ነበር። ሐይቁ የደረቀው እኮ አንጋፋው የግብርና ዩኒቨርሲቲ አፍንጫ ሥር ነው። ለጫትና ለአትክልት በፓምፕ ተሳበ፣ ሐረር ጠጣችው፣ ከተራቆቱት ኮረብታዎች ደለል ገባበት። ሐረርም ውኃ ፍለጋ እስከ ድሬዳዋ አካባቢ ሄደች። ከዓመታት በኋላ ደግሞ ውኃው ተመልሶ መታየት ጀመረ። ምን ያህሉ የዝናብ፣ ምን ያህሉ የሰው ሥራ ነው? ዳርቻው ላይ ቆመን፣ ከገበሬውና ከከተማው የውኃ ሠራተኛ ጋር እንከራከርበት። ከዚያ ማታ ቁጭ ብለን ለክፍል የሚሆን ትምህርት እናውጣለት። እንዲህ ያለ ነገር በአሥር ደቂቃ ስላይድ አይነገርም።

ሐረማያ ራቀ ከተባለ የጣና እምቦጭ አለ። ከአዲስ አበባ አንወጣም ለሚሉም አቃቂ ወንዝ አለላቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 ተንዶ ከመቶ በላይ ሰው የቀጠፈው የቆሻሻ መጣያ፣ ቆሼም፣ እዚሁ ነው።

የሁለተኛ ደረጃ የጂኦግራፊና የባዮሎጂ መምህራንም ይጠሩ። ተማሪውን እኛ ዘንድ የሚልኩት እነሱ ናቸው፤ የጥሪ ደብዳቤው ግን ከዩኒቨርሲቲ ቢሮ አይወጣም።

ገንዘብ የለም እንዳይባል፣ የአዳራሹ ኪራይ ለአውቶቡስና ለነዳጅ ይዙር። ከኮፕ 32 በፊት አንድ ዩኒቨርሲቲ «እኔ ላስተናግድ» ቢል፣ አበል ቢቀርም የምንመጣ አለን።

የአካባቢ ሳይንስ መምህር
ከአዲስ አበባ