«ብርድ ነው» ብላችሁ የደበቃችሁኝ

ይድረስ ለውድ እናቴ፣ ኮዬ ፈጬ

እማዬ፣ ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? እኔ ከናፍቆታችሁ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ሚሚ፣ ጮክ ብለሽ አንብቢላት። መሃል ላይ እንዳትዘዪ፤ በስልክ እጠይቃታለሁ።

ደብዳቤ የጻፍኩት ስልክ ላይ ስለማታስወሩኝ ነው። «ማሙሽ እንዴት ነው?» ስልሽ «ደህና ነው፤ አንተ በላህ ወይ?» ብለሽ ወሬውን ታዞሪዋለሽ። ሦስት ሳምንት ሙሉ «ትንሽ ብርድ መትቶት ነው» አልሽኝ። ባለፈው እሁድ ሚሚ አፏን አዳለጣትና ጉዱ ወጣ። ለካ ልጁ ጋምቤላ ፌሮ ሲያስር ከርሞ ወባ ይዞ ነው የመጣው። ዳማ ከሴ ስትጨምቂለት፣ ጎረቤት ልክፍት ነው ሲል፣ ሦስት ቀን ሲቀባዥር ሰንብቶ በባጃጅ ጤና ጣቢያ ገባ። ከዚያም ሆስፒታል ላኩት።

ልቆጣ ነበር። ግን እኔም የደበቅኩሽ ነገር አለ።

ወደዚህ ከመምጣቴ በፊት መተሐራ ሸንኮራ እርሻ መሥራቴን ታስታውሻለሽ። እዚያ ወባ ያዘኝ። ከሰጡኝ መድኃኒት አንዱ ለ14 ቀን የሚዋጥ ነበር። በአራተኛው ቀን ዳንኩ ብዬ ተውኩት፤ የተረፈውን ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ረሳሁት። መስከረም ላይ ካልጋሪ ገባሁ። ጥር ላይ፣ በረዶው ጉልበቴ ድረስ ሲሆን፣ ያንዘፈዝፈኝ ጀመር። ሦስት ብርድ ልብስ ደርቤ ጥርሴ ይንገጫገጫል። ቀጥሎ ገላዬ እሳት ይሆናል። ቀጥሎ ላብ። በማግስቱ ምንም እንዳልነበረ ሰው ሥራ እገባለሁ። በሦስተኛው ቀን እንደገና። ሐኪም ጋ ብሄድ ጉንፋን ነው ብሎ በፓራሲታሞል ሸኘኝ። ሙሉ በሙሉ አልፈርድበትም። ከየት ነህ ሲለኝ «ከአዲስ አበባ» ነው ያልኩት። ስለ መተሐራ ትንፍሽ አላልኩም።

ያወቀችብኝ ሌሊት አብራኝ ፎቅ የምታጸዳ ሱዳናዊት ናት። መወልወያዋን እንኳን ሳታስቀምጥ «አንድ ቀን ይዞህ አንድ ቀን የሚለቅህ ከሆነ ወባ ነው፤ ደምህን አስመርመር» አለችኝ። አስመረመርኩ። እውነቷን ነው። ቫይቫክስ የሚባለው ዓይነት። ይሄኛው ጉበት ውስጥ ይተኛል። ሳምንትም ይሁን ወራት ቆይቶ ይነሣል። ደም ውስጥ ያለውን የሚያጠፋው መድኃኒት የተኛውን አይነካውም። የተኛውን የሚገድለው ያው ኪሴ ውስጥ የረሳሁት ክኒን፣ ፕሪማኪን ነው። እዚህ ከመስጠታቸው በፊት ሌላ የደም ምርመራ አደረጉልኝ። አንዳንድ ሰው በተፈጥሮው አንድ ኢንዛይም ስለሚያንሰው ክኒኑ ቀይ የደም ሴሉን ያፈርስበታል። ለነፍሰ ጡርም አይሰጥም። ስለዚህ ማንም ከጎረቤት ተውሶ የሚውጠው ነገር አይደለም።

ያን ሰሞን «ድምፅህ ምን ሆነ?» ስትይኝ «ኔትወርኩ ነው» ያልኩሽ ለዚህ ነው።

ወደ ማሙሽ ልመለስ። ሚሚ የካርዱን ፎቶ ልካልኛለች። ሁለቱም ዓይነት ነው የተገኘበት፤ የኔም፣ ፋልሲፓረም የሚባለውም። ፋልሲፓረም አይቀልድም። ደም ያሳጣል፣ ኩላሊት ይጎዳል፣ የደም ስኳር ያወርዳል። አንጎል ከደረሰ ሰውየው ይቀባዥራል፣ ራሱን ይስታል። ከዚያ በኋላ በሰዓታት ነው የሚቆጠረው። ሆስፒታሉ መጀመሪያ አርቴሱኔት በመርፌ የሰጠው ለዚህ ነው። እማዬ፣ ያ የሦስት ቀን መቀባዠር ልክፍት አልነበረም።

እናንተን ያዘናጋችሁ ሰፈሩ ነው። አዲስ አበባ ደጋ ነው፤ ብርዱ ለወባ አይመችም። በአገራችን ወባ በብዛት የሚገኘው ከ2,000 ሜትር በታች ነው። ስለዚህ ኮዬ ፈጬ ላይ ሰው ሲያተኩሰው ወባ ለማንም ትዝ አይለውም። ግን እኮ በሽታው የሚከተለው ሰውየውን ነው እንጂ አድራሻውን አይደለም። ደገኛ ደግሞ ሰውነቱ ወባን ስለማያውቀው ይብስበታል። ድንበሩም ቢሆን አጥር የለውም። አያታችን ንዳድ እያሉ የሚያወሩት ዘመን ትዝ ይልሻል? ከ1950 ዓ.ም. ክረምት እስከ 1951 መጀመሪያ ወባው ደጋው ድረስ ወጥቶ 3 ሚሊዮን ያህል ሰው እንደታመመና 150,000 ያህል እንደሞተ ይገመታል። የድሮው ነው እንዳትዪኝ። በፈረንጆቹ 2024 ከጃንዋሪ እስከ ኦክቶበር 20 ብቻ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ታማሚና 1,157 ሟች በአገራችን ተመዝግቧል።

ሌላም ነገር ሚሚ ነግራኛለች። የወባውን ክኒን፣ ኮአርተምን፣ ሲውጥ ዓርብ ስለነበር ወተት ከለከልሽው አሉ። እማዬ! በሦስት ቀን ስድስት ጊዜ የሚዋጥ መድኃኒት ነው፤ ቅባት ካልቀደመው ሰውነት በደንብ አይወስደውም። ለታመመ ሰው ጾም እንደማይጸና የነፍስ አባታችን ራሳቸው ይነግሩሻል። እምቢ ካልሽም አቮካዶ አለ፣ ዘይት የበዛበት ሽሮ አለ። ጠበሉንም አስጠምቂው፤ ብቻ ክኒኑን አታስተጓጉዪ።

ማሙሽ፣ አሁን ላንተ ነው። አጎበሩን ሲሚንቶ መሸፈኛ ማድረግህን ሰምቻለሁ። ሳቄ መጣ፤ ቀጥሎ አናደደኝ። ትንኟ የምትነክሰው ከምሽት እስከ ንጋት ነው፤ እናንተ ደግሞ በዚያ ሰዓት ደጅ ካርታ ትጫወታላችሁ። አጎበሩን ጫፉን ፍራሹ ሥር ወትፈህ ተኛበት። ካተኮሰህ ሳይውል ሳያድር በዚያው ቀን ተመርመር። ከተመለስክ በኋላም፣ ወር ይሁን መንፈቅ፣ ካተኮሰህ መርማሪው ሳይጠይቅህ «ጋምቤላ ነበርኩ» በል። እኔ ያላልኳትን ቃል።

ሚሚ፣ የአዳማዋ የአክስታችን ልጅ አርግዛለች ብለሽኛል። አዳማ ወባ አለ። ነፍሰ ጡርን ወባ ከያዛት ደም ያንሳታል፤ ልጁም ክብደቱ ሳይሞላ ሊወለድ ይችላል። አጎበር ሥር ትደር። ውሃ የሚያጠራቅሙበት በርሜልና ታንከርም ይከደን። በ2016 በፈረንጆች ቀብሪ ደሃር ላይ የተገኘችው አዲሷ የወባ ትንኝ ረግረግ አትፈልግም። ከተማ ገብታ እንደዚህ ያለ የውሃ ማጠራቀሚያ ውስጥ ትፈለፈላለች። ድሬዳዋን በ2022 አምሳለች።

ይህን ደብዳቤ የምታደርስላችሁ ጎረቤቴ ቴርሞሜትር ይዛለች። ለእናንተ ነው። እማዬ፣ ለጎረቤት ሁሉ እንዳታውሺው፤ የጀበናሽን ጉዳይ አልረሳሁም።

በመጨረሻ፣ ሚሚ እንዳለችኝ ማሙሽም ድኛለሁ ብሎ የ14 ቀኑን ክኒን አቋርጧል፤ የቀረው ቴሌቪዥኑ ሥር መሳቢያ ውስጥ ነው። በገዛ እጁ እንዳይጀምረው። ወደ ጋምቤላ ከመመለሱ በፊት ክኒኑን ከነካርዱ ይዞ ጤና ጣቢያ ይሂድና ማቋረጡን ይንገራቸው። ሚሚ፣ አብረሽው ሂጂ። ሲጨርስ ባዶውን ማሸጊያ ፎቶ አንሥተሽ ላኪልኝ፤ ቀዳዳውን እኔ እቆጥራለሁ።

ልጅሽ፣ ከካልጋሪ